ትሪፋላ ለሆድ መነፋት፣ የሞከረ አለ?

የከዚራው፦ ሰላም የድሬ ልጆች! ምሳ ከበላሁ ሆዴ እንደ ከበሮ ይወጠራል። ህንድ የሚማረው ወንድሜ ትሪፋላ የሚባል የአይዩርቬዳ (የህንድ ባህላዊ ሕክምና) ዱቄት ላከልኝ፤ «የአንጀት ባክቴሪያ ያስተካክላል፣ በሽታ የመከላከል አቅም ይጨምራል» ይላል። ልጀምረው?

ሳቢያን፦ አቦ፣ ሦስት የደረቁ ፍሬዎች ናቸው፦ አምላ፣ ሃሪታኪና ቢቢታኪ። ሆድ ያለሰልሳል፤ ተቅማጥ ካለብህ ተወው።

እማማ መጋላ፦ ልጄ፣ ህንዶቹ ከምግብ በኋላ አሬራ በተቆላ ከሙን ይጠጣሉ። ከሙን ቀፊራ ገበያ ሞልቷል። በዚህ ሙቀት ግን አሬራውን እንዳታሳድረው!

የመድኃኒት ቤቱ፦ የጥንቶቹ የአይዩርቬዳ ሐኪሞች ስለ «ምግብ መፍጫ እሳት» እንጂ ስለ ባክቴሪያ አላወሩም፤ ያ የዛሬ ሻጮች ጭማሪ ነው። በአንዳንድ የአይዩርቬዳ ምርቶች ውስጥ እርሳስና ሜርኩሪ ተገኝቷል። ማሸጊያው ላይ አምራቹ ተጽፏል? ክብደት ከቀነስክ ወይም ሰገራህ ላይ ደም ካየህ ደግሞ ቶሎ ሐኪም ጋ።

የከዚራው፦ ኧረ በፌስታል ነው የመጣው! ደም የለም። በሉ፣ ከሙን ልግዛ።