ለአክስቴ ተዝካር ሙሾ እንዴት ልግጠም?

ጥያቄ፦ ያሳደገችኝ አክስቴ ካረፈች ወር ሊሞላት ነው። በአገራችን የታወቀች ሙሾ አውራጅ ስለነበረች፣ የስንቱን ለቅሶ ያደመቀች ሴት በራሷ አርባ ያለ ግጥም እንዳትቀር ሁለት ስንኝ ልገጥምላት ተነሣሁ፤ ነገር ግን የጻፍሁትን መልሼ ሳነበው ፍቅሬም ሐዘኔም ከእኔ አልፎ ወደ ሌላ ሰው አይሻገርም። እርሷን የማያውቅ እንግዳ ሰምቶ አንጀቱ እንዲላወስ ግጥሙ ምን ሊኖረው ይገባል?

የቅኔ ወዳጅ፦ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር፤ ለእርስዎም መጽናናቱን ይስጥዎ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ በሞቱ ጊዜ የተገጠመውን ያስታውሱ፦

«መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፤
የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።»

እዚህ ውስጥ «ሐዘን» የሚል ቃል የለም፤ የሟቹ ስም እንኳ አልተጠራም። ያሉት አንድ አፋፍ፣ አንድ ጩኸትና አንድ ሰው ብቻ ሲሆኑ፣ የቀረውን ሰሚው ራሱ ይሞላዋል። ስንኙም ስድስት ስድስት ቀለም (ክፍለ ቃል) ባላቸው ሁለት ሐረጎች የቆመ፣ የወል ቤት የሚባለው የግጥም ዓይነት በመሆኑ፣ በመሐሉ ያለችው ዕረፍት ለአልቃሿ ትንፋሽ ትሰጣታለች። እርስዎም «ሐዘኔ ጥልቅ ነው» ማለቱን ትተው የአክስትዎ እጅ የነካውን አንድ ዕቃ ይፈልጉ።

የጎጃሟ እናት፦ ልጄ፣ እኔ በልጅነቴ ያየኋቸው አልቃሾች ስለ ሟቹ ብቻ አይገጥሙም ነበር። ከለቀስተኛው መካከል ልጇን የቀበረችው ማን፣ ባሏን ያጣችው ማን እንደሆነች ያውቃሉና፣ ያንን የቆየ ሙት በአንድ ስንኝ ቀስቅሰው ከዛሬው ለቅሶ ጋር ያገናኙታል። ስለዚህ ሟቹን በዓይኗ አይታው የማታውቅ ሴት የገዛ ወንድሟን ታለቅሳለች፤ ባለ ሐዘኑም ብቻውን እንዳላለቀሰ ይሰማዋል። ለእኔ ሙሾ ማለት ይህ ነው። ደግሞም አክስትህን «አንቺ» ብለህ ጥራት፤ «እንዲህ ነበረች» ካልህ ታሪክ ይሆናል።

ጠያቂው፦ ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አክስቴ ጎረቤት ሳይጠራ ቡና አፍልታ አታውቅም ነበር፤ በረካ ሳይጠጣ የሚነሣውንም ትቆጣው ነበር። ዛሬ ሌሊት ይህ መጣልኝ፦

«አቦሉ ተቀዳ፣ ጎረቤት ተጠራ፤
በረካው በረደ፣ አንቺኑ ሲጣራ።»

የጎጃሟ እናት፦ «አንቺኑ» የምትለዋን እንዳትነካት። በአርባዋ ዕለት ግን ከወረቀት አታንብበው፤ የመጀመሪያውን ስንኝ ብለህ ጥቂት ዝም በል፣ ሴቶቹ ይቀበሉሃል።