በበለጠ ደን መንገድ የጠፋበት ሰው ታሪኬ ለምን አያስፈራም?

ጠያቂ፦ ሂርማታ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጅማ ነው። አጭር ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ፣ ሸቤ አካባቢ ያለውን የበለጠ ደን ታውቁት ይሆናል። አንድ የከተማ ልጅ እዚያ ውስጥ መንገድ ይጠፋበታል። የስልኩ ባትሪ አልቋል። ወሩ ኅዳር ነው። ዝናብ ይጥላል። ይመሻል።

ለንባብ ጓደኞቼ አነበብኩላቸው። ሁሉም «አያስፈራም» አሉኝ። የአንዷ እናት እዚያው ደኑ አካባቢ ያለችው የጌራ ሰው ናቸው። «እናቴ ብትሰማሽ፣ ትንሽ ቢሄድ ቡና የሚለቅም ሰው ያገኝ የለም ወይ ትልሻለች» አለችኝ። ሌላው ደግሞ ነብር ጨምሪበት አለኝ። ነብር መጨመር አልፈልግም።

እንድጽፍ የገፋፋኝ አሜሪካዊው ደራሲ ጃክ ለንደን እሳት ስለማንደድ የጻፈው አጭር ታሪክ ነው። ሰሜን ካናዳ፣ ዩኮን ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 75 ዲግሪ ፋራናይት በሆነ ብርድ፣ አንድ ሰው ውሻ አስከትሎ ይጓዛል። ስሙ እንኳ አይነገረንም። በረዶው ከሥሩ ይሰበርና እግሩ ውሃ ውስጥ ይገባል። እሳት ያነዳል፤ ግን ዛፍ ሥር ነው ያነደደው። ከቅርንጫፉ ላይ በረዶው ይናድና እሳቱን ያጠፋበታል። እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ተነሳሁ። እንደዚያ የሚያስጨንቅ ነገር ነው መጻፍ የምፈልገው።

እኛ ጋ ግን ጫካ የሰው ጓዳ ነው። ቡናው፣ ማሩ፣ ኮረሪማው፣ ማገዶው ከዚያ ነው የሚመጣው። እንዲህ ባለ አገር ሰው ከተፈጥሮ ጋር የሞት ሽረት ትግል ሲገጥም እንዴት ይጻፋል?


መልስ፦ የቀፎ ሰቃይ ልጅ

ጌራ ነው ያደግኩት። አባቴ ቀፎ ሰቃይ ነው። ነብሩን መተውሽ ጥሩ ነው። ነብር የሰው ድምፅ ሲሰማ ገለል ይላል። ጫካ ውስጥ ሰውን የሚጎዳው እርጥበት ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላም ቅጠሉ ማንጠባጠቡን አያቆምም። ልብስሽ አይደርቅም። ከመሬት የምታነሺው እንጨት ሁሉ እስከ ውስጡ ድረስ ርሷል። ክብሪቱን ብትጨርሺው አይያዝም። አባቴ እንዲህ ሲሆን መሬት የወደቀውን አይነካም። ቆሞ የደረቀ እንጨት ይፈልጋል፣ ላዩን በቢላ ልጦ ይጥላል፣ ውስጡን በቀጭኑ ፈልጦ ነው የሚያያይዘው። የከተማ ልጅ ይህን ከየት ያውቃል? ሌሊቱን ሙሉ እርጥቡን እየለኮሰ ያድራል። ንጋት ላይ ጉሬዛ ሲያጓራ ምን እንደሆነ አያውቅም።

የጓደኛሽ እናት ልክ ናቸው። ቡና ሲደርስ ጫካው ሰው በሰው ነው። ታሪኩን ከኅዳር አውጥተሽ ሐምሌ ላይ አድርጊው።


መልስ፦ ጡረተኛ መምህር

ልጄ፣ ጥያቄሽን ደስ ብሎኝ አነበብኩት። አማርኛ ሳስተምር ነው ያረጀሁት። ስለዚህ ትንሽ ላርዝመው።

ያን ታሪክ ጃክ ለንደን ሁለት ጊዜ ጽፎታል። የመጀመሪያው በ1902 እ.ኤ.አ. ለወጣቶች መጽሔት ነው። ሰውየው ስም አለው፣ ቶም ቪንሰንት ይባላል። ውሻ የለም። እሳቱን እንደምንም አንድዶ ይተርፋል። ብቻውን መጓዝ እንደሌለበትም ይማራል። አንቺ ያነበብሽው የ1908ቱን ነው። እዚህኛው ላይ ሰውየው ስሙን አጥቷል፣ ውሻ ተጨምሯል፣ መጨረሻው ሞት ነው። ስድስት ዓመት ቆይቶ ያንኑ ታሪክ እንደገና ሲነሳበት የመጣለት ነገር ይህ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አንብቢያቸው። ከማንኛውም የአጻጻፍ ትምህርት ይበልጥብሻል።

አሁን እዚያው ታሪክ ውስጥ ሰልፈር ክሪክ በሚባል ቦታ ያለውን ሽማግሌ አስታውሺ። ብርዱ ከዜሮ በታች 50 ካለፈ ማንም ብቻውን አይሂድ ብሎ መክሮት ነበር። ሰውየው ስቆበታል። ሊሞት ሲል ሽማግሌው ልክ እንደነበር ያምናል። ብርዱማ እዚያ አገር ሁልጊዜ አለ። ጓደኛ ቢኖረው ኖሮ እሳቱን ጓደኛው ያነድለት ነበር። እኔ ይህን ታሪክ የማነበው ሰው ስለማጣት የተጻፈ ታሪክ አድርጌ ነው።

ሮቢንሰን ክሩሶንም እንዲሁ። በ1719 እ.ኤ.አ. የታተመ ልብ ወለድ ነው። ሰውየው ደሴት ላይ 28 ዓመት ይኖራል። ረሃቡንም ማዕበሉንም ይችለዋል። ፍየል ያለምዳል፣ እህል ይዘራል። በጣም የሚደነግጠው መቼ ነው? አሸዋ ላይ የሰው እግር ዱካ ያየ ቀን! ሰው ናፍቆት ኖሮ ሰውን ፈራ። ክፍል ውስጥ ይህን ሳነብላቸው ተማሪዎቼ ጸጥ ይሉ ነበር።

ወደ እኛ ልምጣ። በእኛ ገድላት ምድረ በዳ ሰው ፈልጎ የሚሄድበት ነው። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከ60 አንበሳና ከ60 ነብር ጋር ነው የኖሩት። ሥዕላቸውም እንዲሁ ነው የሚሳለው። አራዊቱ ጓደኞቻቸው ናቸው። የዓባይን በረሃ የሚሻገር ነጋዴም ሰው እስኪበዛ ጠብቆ፣ ተያይዞ ነበር የሚወርደው። ሽፍታውም፣ ወባውም፣ አዞውም በአንድነት ነው የሚታለፈው። ታዲያ የእኛ አንባቢ ሰው ያለበት ጫካ ቢያስፈራራው ነው የሚገርመኝ።

እኔ ልጅ ሳለሁ እናቴ «እሳት ጭረህ ና» ስትለኝ ገል ይዤ ጎረቤት እሮጥ ነበር። በእኛ ቤት እሳት የሚመጣው ከጎረቤት ነው። ስለዚህ ልጅሽን እሳት የሚጭርበት ጎረቤት ከሌለበት ቦታ አድርሺው። በኪሎ ሜትር ብዙ መራቅ የለበትም።

አንድ ነገር ልጨምር። ለንደን የሰውየውን እጅ ነው የሚያሳየን። ጣቶቹ ስለደነዘዙ 70ውን ክብሪት በአንድ ላይ ይለኩሳል። የሥጋው ሽታ ይሸተዋል፣ ሕመሙ ግን የሚሰማው ቆይቶ ነው። በውሻው ገላ እጁን ሊያሞቅ ሊገድለው ያስባል፤ ቢላውን መያዝ አቃተው። ለንደን በ1897 እ.ኤ.አ. ወርቅ ፍለጋ ዩኮን ውስጥ ወዳለው ክሎንዳይክ ሄዶ እዚያው ከርሟል፣ ታሞም ነው የተመለሰው። ብርዱን በገላው ያውቀዋል። አንቺም ሸቤ ውረጂና አንድ ቀን ዝናብ ይምታሽ። ከዚያ ጻፊ።


መልስ፦ ከአጋሮ

ጋሼ፣ ያሉት ገብቶኛል። ግን በሰው መሃልም ብቻ መሆን አለ። የአክስቴ ልጅ በጅቡቲ በኩል በኦቦክ አድርጎ ወደ የመን የሄደ ነው። ብዙ ሆነው ነው የተጓዙት። ሙቀቱን ብዙም አያወራም። የሚያወራው የውሃው ጄሪካን ማን እጅ እንደነበረ ነው። ከኋላ የቀረውን ማንም ዞሮ አላየውም። እሱም አላየም። እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳው ይህ ነው። የዘመናችን የመትረፍ ታሪክ እዚያ መንገድ ላይ አለ። የሚጽፈው ሰው ነው ያጣነው። እህቴ፣ ይህን ስትጨርሺ ያንንም አስቢበት።


ጠያቂ፦ ሂርማታ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለቱንም አነባቸዋለሁ። የአጋሮው ወንድሜ፣ የአክስትህን ልጅ ታሪክ እኔ ልጽፈው አልችልም፤ እሱ ቢናገረው እሱ ራሱ ቢጽፈው ነው የሚያምረው። ድምፁን ቅዱለት፣ እባክህ።

የእኔን እንዲህ ላደርገው ነው። ወሩ ሐምሌ ይሆናል። ልጁ ሲጨልም ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ ያያል። የሰው ሥራ ስለሆነ ደስ ይለዋል። ባለቤቱ ይመጣል ብሎ ከሥሩ ይቀመጣል። በቃ፣ ከዚያ በኋላ አይነቃነቅም። የጌራው ወንድሜ፣ ሐምሌ ላይ ቀፎ ሊያይ የሚመጣ ሰው ይኖራል እንዴ?


መልስ፦ የቀፎ ሰቃይ ልጅ

ማሩ ከዚያ በፊት ተቆርጦ አልቋል። በዚያ ዝናብ ማንም ዛፍ አይወጣም። ልጁ ግን ይህን አያውቅም፣ አንባቢሽም አያውቅም። ስለዚህ መጀመሪያው ላይ ሸቤ ሻይ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ይህን ነገር እንዲያወራ አድርጊ። የቀረውን ነገር አባቴን ጠይቂው። ሐሙስ ለገበያ ጅማ ይመጣል፣ አገናኛችኋለሁ።