ፍሬኑን አላስፈትሽም ያለ ሰው ሐረጎን ከቡድኑ ጋር ይውረድ?

አስተባባሪ፦ የእሁዱ የብስክሌት ጉዞ ሳይደርስ ነገሩ ይለይለት። አንደኛው ሐሳብ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ሁሉም እዚሁ ደሴ ሆጤ ላይ ፍሬኑን አስፈትሾ ይነሳ፣ ከፊት የሚመራውንም ሰው ማንም አይቅደም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ፈጣኖቹ ለብቻቸው ቡድን ያቋቁሙ የሚል። ስድቡ ይቅርና ምክንያት ጻፉ።

ቦርከና፦ ፍተሻው ግዴታ ይሁን። እስከ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ሰው ከነብስክሌቱ 85 ኪሎ ቢመዝን 500 ኪሎጁል ያህል ጉልበት መውጫ ይፈልጋል፤ ከፊሉን ነፋስ ይወስደዋል፣ የተረፈው ፍሬን ላይ ሙቀት ይሆናል። ቸርኬ የሚይዝ ፍሬን ሳይለቀቅ ከተጨበጠ ቸርኬው ይግላል፣ የጎማው አየር ይወጠራል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ኩርባ ላይ አንዱ ሲወድቅ ከኋላው ያሉትም ይወድቃሉ፤ ከባድ መኪናውም እዚያው መንገድ ላይ ነው።

የሰኞ ገበያ ልጅ፦ በፍተሻ ሰበብ የምትመልሱት ገንዘብ የሌለውን ነው። ዲስክ ፍሬን (በቸርኬው ፈንታ የጎማው መሃል ላይ ያለውን የብረት ሳህን የሚይዝ) ያለው ያልፋል፣ አሮጌ ብስክሌት ያለው ልጅ ይቀራል። ይህ ቡድን እኮ በመዋጮ የቆመ ነው!

ባለ ቁልፉ፦ ልጆች፣ አሮጌውም ያልፋል። የፍሬኑን እጀታ አጥብቃችሁ ጨብጡ፤ የብስክሌቱን መሪ ከነካ ሽቦው ላልቷል፣ ቢያንስ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይቅር። ሽቦው እጀታው ውስጥ የሚገባበትን ጫፍ እዩ። በጨበጣችሁ ቁጥር የሚታጠፈው እዚያ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰውም እዚያ ነው፤ አንዲት ክር እንኳ ከተነሳች ይቀየር። የፍሬኑ ላስቲክ ቸርኬውን ብቻ ይንካ፤ ከፍ ካለ የጎማውን ጎን ይበላዋል። ላስቲኩ ላይ ያሉት መስመሮች ከጠፉ አልቋል። ቀጥላችሁ የፊቱን ፍሬን ይዛችሁ ብስክሌቱን ወደፊትና ወደኋላ ወዝውዙ፤ ኳ ኳ ካለ የመሪው አንገት ይጠበቅ። ዲስክ ያላችሁም አትዘናጉ። የሰንሰለት ዘይት ዲስኩን ከነካው አይዝም፣ ዲስኩን የሚይዘው ሸራ ውፍረት ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነም ይቀየር። በሚኒራል ዘይት የሚሠራውን ዲስክ ፍሬን በመኪና ፍሬን ዘይት የሚሞሉ አሉ፤ ውስጡ ያለው ጎሚኒ ያብጥና ዘይቱ ይፈሳል።

ቁልቁለት፦ ጋሼ ያሉትን ሁሉ እቀበላለሁ፣ ለፍተሻውም ቀድሜ እሰለፋለሁ። የማልቀበለው «መሪውን አትቅደም» የሚለውን ነው። በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነፋሱ ወደኋላ የሚገፋን በ40 ከሚገፋን ሩቡን ነው፤ የጎደለውን ፍሬን ይሸከማል። ቀስ ብላችሁ ረጅም ቁልቁለት ስትጎተቱ ፍሬኑን የምታቃጥሉት እናንተው ናችሁ። ደግሞም ሃያ ሰው ተከታትሎ ሲወርድ የኋለኛው የፊተኛውን ጀርባ እንጂ ጉድጓዱን አያይም።

ቦርከና፦ ያው ስሌት አንተም ላይ ይሠራል ወንድሜ። ከ20 ወደ 40 ስትወጣ ፍሬን ይዘህ ለመቆም የምትፈጀው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ከኩርባው ማዶ የተበላሸ መኪና ቆሞ ቢጠብቅህስ? በዝናብ ደግሞ የቸርኬ ፍሬን ውሃውን እስኪጠርግ ድረስ አይዝም።

ጦሳ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ስህተቱ ሁሉን በአንድ ሰልፍ ማውረዱ ላይ ነው። አራት አራት ሆነን እንውረድ፣ በየቡድኑ መካከል የሁለት ደቂቃ ልዩነት ይኑር። ፍሬን ኩርባው ሳይደርስ ጠበቅ አድርጎ መያዝ፣ ከዚያ መልቀቅ፤ እያሻሹ መውረድ ይቅር። መንገዱ ሲጋመስ ከአስፋልቱ ወጥቶ አሥር ደቂቃ ማቀዝቀዝ፤ የጋለ ዲስክ ላይ ውሃ ማፍሰስ ግን ያጣምመዋል። ዝናብ ወይም ጉም ካለ ጉዞው ይሰረዝ። እውነቱን እንናገር፣ ጠቡን ያከረረው ፍጥነት ብቻ አይደለም። በመዋጮ የተገዛው ፓምፕና የመፍቻ ሳጥን ቡድኑ ቢከፈል ለማን ይቀራል የሚለው ነው። እሱ የሁሉም ገንዘብ ነው፤ ጋሼ ዘንድ ይቀመጥና የፈለገ ፈርሞ ይውሰድ።

የሰኞ ገበያ ልጅ፦ በዚህ ከሆነ እስማማለሁ። ግን ፍተሻው ቅዳሜ ከሰዓት ይሁን። እሁድ ጠዋት ሽቦ አለቀ የተባለ ልጅ ከየት ገዝቶ ይመጣል?

ቁልቁለት፦ አራት አራቱን እቀበላለሁ፤ የየአራቱ ፍጥነት ግን በራሳቸው ይወሰን። እሱ ካልሆነ ለብቻችን እንወርዳለን።

ባለ ቁልፉ፦ ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ሆጤ እገኛለሁ። ሽቦ የምትገዙ ልብ በሉ፤ የማርሹ 1.2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ የፍሬኑ 1.5 ወይም 1.6። የማርሽ ሽቦ ለፍሬን አስሮ የመጣ ማንም ቢሆን አላሳልፍም።