ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕ ያለ ማዘዣ ይሸጥ?

የቢቸናው፦ ወገኖቼ፣ እናቴ በሳል እንቅልፍ ካጣች ሰነበተች። ደብረ ማርቆስ አንድ ፋርማሲ ገብቼ ኮዴይን ያለበትን ሽሮፕ ጠየቅሁ። «ያለ ማዘዣ አንሰጥም» ተባልሁ። ከገጠር የመጣ ሰው ለአንድ ጠርሙስ ሽሮፕ ሙሉ ቀን ወረፋ ይጠብቅ? እኔ ይሸጥ ባይ ነኝ።

ፋርማሲስቷ (ፍኖተ ሰላም)፦ ወንድማለም፣ እናትህን እግዜር ይማርልህ። ግን አይሸጥ። ኮዴይን የሞርፊን፣ ማለትም የኃይለኛው የሕመም ማስታገሻ፣ ዘመድ ነው። ጉበት ከፊሉን ወደ ሞርፊን ይለውጠዋል። የሚለውጠው ኢንዛይም (ሰውነት ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው ፕሮቲን) ደግሞ ሁሉም ሰው ላይ እኩል አይሠራም። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣ ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህ ኢንዛይም ትርፍ ዘረ መል ተገኝቶባቸዋል። ስዊድን ውስጥ ከመቶ አንድ ሁለት ሰው ቢገኝ ነው። ትርፍ ያለበት ሰው በታዘዘው ልክ ቢወስድ እንኳ ሞርፊኑ ሊበዛበት ይችላል። ያኔ ትንፋሽ ይደክማል።

የቢቸናው፦ እታለም፣ አባቴ ጠጥቶት ምንም አልሆነም እኮ።

ፋርማሲስቷ፦ አባትህ ትርፉ ከሌለባቸው ከ71 በመቶዎቹ ወገን ይሆናላ። ልጅህስ? ጠርሙሱ ቤት ከገባ ሁሉንም ያስለዋል፣ ሁሉም ይጎነጫል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ኮዴይን ያለበት የሳል መድኃኒት ከ18 ዓመት በታች ላለ እንዳይሰጥ ወስናለች። የምታጠባ እናትም አትወስድም፤ በጡቷ ወደ ሕፃኑ ያልፋል። አረቄ የቀመሰ ሰውማ ጨርሶ እንዳይነካው።

የባሕር ዳር ተማሪ፦ እኔ ጭራሽ ይታገድ እላለሁ። ወጣቱ ሲሰክርበት ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳይመረትና እንዳይገባ አግዳለች። ሱስ አስይዞ የሚያስቀር ነገር ለሳል ምን ያደርጋል?

ጤና ኤክስቴንሽን (ሞጣ)፦ እገዳው ይቅር። ሳንባው በካንሰር ተይዞ ሌሊቱን በደረቅ ሳል ለሚያነጋ ሰው ዕረፍት ነው፤ እሱን አትንፈጉት። ለጉንፋን ሳል ግን ያን ያህል አይረባም። ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ የጎጃም ማር ይሻለዋል። አክታ ያለውን ሳልማ ማፈን አይገባም፣ መውጣት አለበት። የቢቸናው፣ እናትህ ካሳለች ስንት ጊዜዋ ነው?

የቢቸናው፦ ሦስት ሳምንት።

ጤና ኤክስቴንሽን፦ በል ሽሮፑን ተወው። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል አክታ ይመረመራል። ቲቢ ከሆነ ሽሮፑ ሳሉን ዝም ያሰኘዋል፣ በሽታው ውስጥ ውስጡን ይሄዳል። እናንተም ቤት ውስጥ አብራችሁ ትተነፍሳላችሁ።

የቢቸናው፦ ይኼን ማንም አልነገረኝም። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ አደርሳታለሁ። የማዘዣው ነገር ግን አሁንም አልተዋጠልኝም። ማዘዣ የግድ ነው ካላችሁ፣ የሚያዝ ሰው በየቀበሌው አቅርቡልን።