የዲሲፕሊን ቅጣት የተጣለበት ጠበቃ፦ ይግባኝ ወይስ የፍርድ ቤት ክለሳ?

አወያይ፦ አንድ ጠበቃ የደንበኛውን ገንዘብ ከራሱ ገንዘብ ጋር ቀላቅሏል በሚል ክስ የዲሲፕሊን ጉባኤ ፈቃዱን ለአንድ ዓመት አግዶበታል እንበል። ሕጉ ለፍርድ ቤት ይግባኝ እንዲል ይፈቅድለታል። ጠበቃው ግን ከጉባኤው አባላት አንዱ ከከሳሹ ጋር የጥቅም ግንኙነት እንዳለው ከውሳኔው በኋላ ስለደረሰበት፣ ይግባኙን ትቶ ውሳኔው በክለሳ እንዲሻርለት መጠየቅ ይፈልጋል። የትኛው ይሻለዋል?

አንደኛ ተከራካሪ፦ ያለጥርጥር ይግባኝ። በክለሳ የሚመረመረው ጉባኤው ከሥልጣኑ አልፎ እንደሆነ፣ የመሰማት መብትንም አክብሮ እንደሆነ ነው፤ ገንዘቡ በእርግጥ መቀላቀሉና የአንድ ዓመት እገዳ መብዛት አለመብዛቱ በአብዛኛው ከክለሳው ውጭ ይቀራል። ጠበቃው ቢረታ እንኳ መዝገቡ ብዙውን ጊዜ እንደገና እንዲታይ ወደ ጉባኤው ይመለሳል፤ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን ሕጉ በሰጠው ሥልጣን መጠን ቅጣቱን ራሱ ሊቀንስ ወይም ሊያነሳ ይችላል። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1981 የታገዱ የቤልጂየም ሐኪሞችን ጉዳይ ሲያይ፣ የአገሪቱ የሰበር ችሎት ፍሬ ነገሩንና የቅጣቱን ተመጣጣኝነት መመርመር አለመቻሉን እንደ ጉድለት የቆጠረውም ስለዚህ ነው።

ሁለተኛ ተከራካሪ፦ የተከበሩ ባልደረባዬ የገለጹት ይግባኝ ሰፊ ሥልጣን ያለው ይግባኝ ነው፤ በሕግ ነጥብ ብቻ የተወሰነ ይግባኝም አለ። ከዚህም በላይ ይግባኝ የሚታየው በሥር መዝገቡ ላይ ሲሆን፣ የአባሉ የጥቅም ግንኙነት በመዝገቡ ውስጥ የለም። በክለሳ ግን በቃለ መሐላ ማስረዳት ይቻላል። ገለልተኛ ያልሆነ ዳኛ የተቀመጠበት ውሳኔ ከሥሩ የተበላሸ ስለሆነ፣ የቅጣቱን መጠን መከራከር ውሳኔውን እንደ ሕጋዊ መቀበል ይሆናል።

አንደኛ ተከራካሪ፦ አይሆንም፤ አድልዎ ራሱ የይግባኝ ምክንያት ነው፣ አዲስ ማስረጃም ቀድሞ ሊገኝ ያልቻለ መሆኑ ከተረጋገጠ በፍርድ ቤቱ ፈቃድ ሊቀርብ ይችላል። ብዙ ፍርድ ቤቶች በቂ የይግባኝ መንገድ ያለውን አመልካች የክለሳ ጥያቄ አይቀበሉም። ጠበቃው ይህን የሚሰማው የይግባኙ ጊዜ ካለፈ በኋላ ከሆነ ሁለቱንም አጣ ማለት ነው።

ሦስተኛ ተከራካሪ፦ ሁለታችሁም እገዳው ዛሬ እየተፈጸመ መሆኑን ዘነጋችሁ። ይግባኝ መጠየቅ በብዙ ሥርዓቶች ቅጣቱን በራሱ አያቆምም፤ ከይግባኙ ጋር የአፈጻጸም እግድ፣ ማለትም ቅጣቱ ለጊዜው እንዳይፈጸም የሚያዝ ትእዛዝ፣ ካልተጠየቀ ፍርዱ ሲወጣ ዓመቱ አልቆ፣ ደንበኞቹም ሌላ ጠበቃ ይዘው ይሆናል። እኔ ብሆን በመጀመሪያ ይግባኙን በጊዜው አስገብቼ፣ አድልዎውን የመጀመሪያው ነጥብ አድርጌ እግድ እጠይቃለሁ፤ ይግባኙ በሕግ ነጥብ የተወሰነ ሆኖ ከተገኘ ብቻ ክለሳውን በተጓዳኝ አቀርባለሁ።

ሁለተኛ ተከራካሪ፦ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እስከሆነ ድረስ በዚህ ቅደም ተከተል እስማማለሁ። እ.ኤ.አ. በ1990 በሃቫና የጸደቁት የተባበሩት መንግሥታት ስለ ጠበቆች ሚና መሠረታዊ መርሆዎች በ28ኛው መርህ የዲሲፕሊን ውሳኔ ነጻ የፍርድ ቤት ክለሳ እንዲኖረው ይጠይቃሉ። ይግባኙ የሚቀርበው ጉባኤውን ላቋቋመው የጠበቆች ማኅበር የበላይ ኮሚቴ ከሆነና የተባለው አባል እዚያም ተሰሚነት ካለው፣ ጠበቃው ያንን ደጅ እንዲጠና ማስገደድ ተገቢ አይደለም፤ እዚያ ላይ አቋሜ አልተለወጠም።