የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት የኮቪድ አዋጅ 975 ቀን መቆየቱ ተገቢ ነበር?

የሕግ ተማሪ (አዲስ አበባ)
ጤና ይስጥልኝ። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 93 መሠረት ክልሎች ወረርሽኝ ሲከሰት በክልላቸው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ማወጅ የሚችሉ ሲሆን፣ ትግራይም በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ከፌዴራሉ መንግሥት ቀድማ አውጃለች። ለማነጻጸር የመረጥሁት በአሜሪካ የሚገኘውን የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ነው። በወቅቱ አገረ ገዢ የነበሩት ጄይ ኢንስሊ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2020 ያወጁት አዋጅ እስከ ኦክቶበር 31 ቀን 2022 ጸንቷል። በእኛ ሕግ የፌዴራሉ አዋጅ በተወካዮች ምክር ቤት ጸድቆ የሚቆየው ስድስት ወር ነው፤ ከዚያ በየአራት ወሩ መታደስ አለበት። ይህን ያህል ጊዜ በአዋጅ መተዳደር ለሕዝቡ ጤና አስፈላጊ ነበር? ሕግ አውጪውስ ምን ይሠራ ነበር?

ነዋሪ (ሲያትል)
ብዙ ሰው የማያስተውለው ነጥብ አለ። አገረ ገዢው በአስቸኳይ ጊዜ አንድን ድርጊት ለመከልከል የጊዜ ገደብ የለባቸውም፤ በሥራ ላይ ያለን ሕግ ከ30 ቀን በላይ ለማገድ ግን የሕግ አውጪው ስምምነት ያስፈልጋቸዋል። ሕግ አውጪው ዓመቱን ሙሉ የሚቀመጥ አይደለም። በ2020 ለወረርሽኙ 200 ሚሊዮን ዶላር ያለ አንዳች ተቃውሞ መድቦ በማርች 12 ተበተነ፤ ትምህርት ቤቶች በመላው ግዛቱ እንዲዘጉ የታዘዘው በማግሥቱ፣ ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ የታዘዘው ደግሞ በማርች 23 ነው። እስከ ጃንዋሪ 2021 ድረስ ልዩ ስብሰባ አልተጠራም። የመጀመሪያዎቹ ትእዛዞች ትክክል ነበሩ ብዬ አምናለሁ፤ የሕዝብ እንደራሴዎች ግን ለአሥር ወር ያህል ሳይሰበሰቡ መቆየታቸውን ልቀበለው አልችልም።

የአረጋውያን ተንከባካቢ
እኔ ከርዝመቱ ይልቅ ስለ አጀማመሩ ብትጠይቁ እመርጣለሁ። በአሜሪካ የመጀመሪያው ሕመምተኛ የተገኘው በዚሁ ግዛት፣ በስኖሆሚሽ ካውንቲ፣ በጃንዋሪ 2020 ነበር። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ምርመራው በዋናነት ከቻይና በተመለሱና ከታወቀ ሕመምተኛ ጋር በተገናኙ ሰዎች ላይ ተወስኖ ቆየ። በሽታው በማኅበረሰቡ ውስጥ እየተዛመተ መሆኑ የታወቀው ዶክተር ሄለን ቹ ያሉበት ቡድን ለጉንፋን ጥናት የሰበሰበውን ናሙና የፌዴራል ፈቃድ ሳያገኝ በመመርመሩ ነው። አዋጁ በታወጀበት ቀን ቫይረሱ በከርክላንድ ከተማ ወደሚገኝ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ አስቀድሞ ገብቶ ነበር፤ ከ30 በላይ ነዋሪዎቹ ሞተዋል። አጥኚዎች ከጠቀሷቸው ምክንያቶች አንዱ ሠራተኞች ከአንድ በላይ መንከባከቢያ ውስጥ መሥራታቸው ነው። ብዙዎቻችን ሐበሾች የምንሠራው በዚሁ ሙያ ስለሆነ ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ በአንዱ ደመወዝ የቤት ኪራይ አይከፈልም። በማርች ጎብኚ ሲከለከል እኛ ግን ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እንመላለስ ነበር፤ ያን ማንም አልከለከለም፣ ሁለተኛውን ደመወዝም ማንም አልተካልንም።

የታክሲ አሽከርካሪ (ሲታክ)
አዋጁ በስድስት ወር ማብቃት ነበረበት የሚሉ ሰዎች ስለ ቤት ኪራይ ቢያስቡ ደስ ይለኛል። ኪራይ ያልከፈለ ተከራይ እንዳይባረር የሚከለክለው ትእዛዝ ከማርች 2020 እስከ ጁን 2021 የጸናው በዚሁ አዋጅ ነው። የምንሠራበት የሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ ጭር ብሎ ስለነበር እኔና ጓደኞቼ ያለዚያ ትእዛዝ ቤተሰቦቻችንን ይዘን ጎዳና በወጣን ነበር። ክፉኛ የተበላሸው የሥራ አጥነት ድጎማው አከፋፈል ነው። አጭበርባሪዎች በሰው ስም አመልክተው ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወሰዱ፤ ከግማሽ በላዩ ተመልሷል፤ ነገር ግን መሥሪያ ቤቱ ማጣራት ሲጀምር የእውነተኛ ሥራ አጦች ክፍያም አብሮ ታገደ።

የሕግ ተማሪ (አዲስ አበባ)
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ነዋሪ፣ አንድ ነገር ያብራሩልኝ፤ ልዩ ስብሰባ የመጥራት ሥልጣን የአገረ ገዢው ብቻ ነው?

ነዋሪ (ሲያትል)
አይደለም። በግዛቱ ሕገ መንግሥት መሠረት ሁለቱም ምክር ቤቶች በየበኩላቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ራሳቸውን መጥራት ይችላሉ። ሆኖም በሁለቱም አብላጫውን የያዘው የአገረ ገዢው ፓርቲ ነበር፤ ያለ እርሱ ፈቃድ ያ ድምፅ አይሞላም።