ሀይብ እንዲህ የገዘፈው በቢቲኤስ ብቻ ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የደቡብ ኮሪያው የሙዚቃ ድርጅት ቢግ ሂት እ.ኤ.አ. በ2005 ሲቋቋም ከትልልቆቹ ድርጅቶች ከነኤስኤምና ዋይጂ ጎን ማን ይቆጥረው ነበር? አሁን ሀይብ ተብሎ ሁሉንም አስከንድቷል። ሰባቱ የቢቲኤስ ዘፋኞች ባይኖሩ ይሄ ሁሉ ይመጣ ነበር?

መልስ 1፦ በጭራሽ! መሥራቹ ባንግ ሺ ሂዩክ ራሱ ያውቀዋል፤ በ2020 አክሲዮኑ ገበያ ሊወጣ ሲል ለሰባቱም ልጆች ለእያንዳንዳቸው 68,385 አክሲዮን ሰጣቸው።

መልስ 2፦ ቆይ እንጂ፣ ሰውየው ነጋዴ ነው። በ2019 ሶርስ ሚውዚክ የሚባለውን የሙዚቃ ድርጅት ገዛ፣ በ2020 የሴቨንቲን ቡድንን ድርጅት ፕሌዲስን ጨመረ፣ በ2021 የድርጅቱን ስም ቀየረና አሜሪካ ተሻግሮ ያኔ የነጀስቲን ቢበር ማኔጀር የነበረውን የስኩተር ብራውንን ድርጅት 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አፍስሶ ጠቀለለው። ዊቨርስ የሚባለውን መተግበሪያስ? አልበሙም፣ ቲሸርቱም፣ ከአርቲስቱ ጋር ወሬውም እዚያው ነው። ደጋፊው ብሩን በቀጥታ ለነሱ ነው የሚከፍለው፣ ደላላ የለም።

መልስ 1፦ እሺ፣ ታዲያ ሰኔ 2022 ልጆቹ በየግላችን እንሠራለን ሲሉ የድርጅቱ አክሲዮን በአንድ ቀን ሩብ ያህል ለምን ወረደ? 😂

ጠያቂው፦ ኧረ! ያንን አክሲዮን ግን በነፃ ነው የሰጣቸው?

መልስ 1፦ አዎ፣ በስጦታ።